ኮድ እየተጻፈ የሚቀርብ ሙዚቃ፦ ታዳሚው ምን ያህል ይረዳ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አዳራሽ ሁለት ወጣቶች ላፕቶፕ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። የሚጽፉት ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ የሚሰጡት ትእዛዝ፣ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ይታያል፤ መስመር በጨመሩ ቁጥር ድምፁ ይለወጣል። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ጽሑፉን በዓይናቸው ሲከተሉ ቆዩና «ልጄ፣ ይህ ለእኔ የተዘጋጀ አይደለም» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ከበሮው ሲገባ ግን እግራቸው ምቱን ይዞ ነበር። እሳቸውን ያስወጣቸው ሐሳብ የብዙ ሰው ሐሳብ ነው፤ እሱንና መሰሎቹን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ኮዱን ያልተረዳ ሙዚቃውን አልተረዳም»

መሰንቆ የሚሰማ ሰው የአዝማሪው ጣት ጭራውን የት ላይ እንደሚነካ አይጠይቅም። ትዝታ በአምስት ድምፆች የተሠራ ቅኝት መሆኑን ሳያውቅ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ስንቱ ነው! ግእዝ የማያውቁ ምእመናንም ማኅሌት ቆመው ያድራሉ፤ ጽናጽሉ ሲንሿሿ፣ መቋሚያው ሲወዛወዝ ልባቸው አብሮ ይሄዳል። ግእዝ የሚያውቀው ተጨማሪ ያገኛል፤ ይህ ግን የሌላውን ድርሻ አይቀንስበትም። ቅኔ ሰሙን ብቻ ለሰማ ሰውም ጣዕም አለው። የኮዱም ነገር እንደዚሁ ነው።

«ካላነበብነው ለምን ይታያል?»

የዚህ ሙዚቃ ባለሙያዎች በ2004 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሐምቡርግ ቶፕላፕ የተባለ ማኅበር መሥርተዋል። የአቋም መግለጫቸው ሙዚቀኛው የኮምፒውተሩን ገጽ ለታዳሚው እንዲያሳይ ይጠይቃል። ያው መግለጫ ታዳሚው ኮዱን መረዳት እንደማይጠበቅበትም ይናገራል፤ የጊታር ጨዋታን ለማድነቅ ጊታር መቻል እንደማያስፈልግ ሁሉ። ሁለቱ አይጋጩም። ላፕቶፕ ላይ ያጎነበሰ ሰው እየተጫወተ ይሁን ያለቀ ቅጂ ከፍቶ ይሁን ከሩቅ አይለይም። መንዝ ውስጥ ባና ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ሸማኔ አይሆንም፤ ጨርቁ ከሰው እጅ መውጣቱን ግን በዓይኑ ያረጋግጣል።

እዚህ ላይ ሙዚቀኞቹንም እወቅሳለሁ። ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የማይነበብ ደቃቅ ፊደል ማሳየት ከመደበቅ አይሻልም። ፊደሉን አጉሉት፤ መስመሩን ቀንሱት። ኮድ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚዘላቸው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፉ ማስታወሻዎች አሉ። በአማርኛ ጻፏቸው! «አሁን ከበሮው ይገባል» የሚል አንድ መስመር አዳራሹን ሙሉ ወደ እናንተ ያቀርባል።

«የሚጫወተው ኮምፒውተሩ ነው»

ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ይደግማል፤ መቼና ምን እንደሚለወጥ የሚወስነው ሰው ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ሳም አሮን በእንግሊዝ ካምብሪጅ የጀመረውን ሶኒክ ፓይ የተባለ የኮድ ሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም እንውሰድ። ሙዚቃው በዙር ይሽከረከራል። ሙዚቀኛው ዙሩ ሳይቆም አንድ ቁጥር ቀይሮ ያዝዛል፤ ለውጡ የሚሰማው ዙሩ እንደገና ሲጀምር ነው። ስለዚህ ዓይን ከጆሮ ይቀድማል። አዝማሪን «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሰጠ ሰው ስንኙ በዜማ እስኪመለስለት እንደሚጠብቀው ያለ ጥበቃ ነው። ታዳሚው ይህን አንድ ነገር ካወቀ፣ ለእኔ በቂ ነው።

«ስህተት ከታየ ሙዚቀኛው አልተዘጋጀም»

አንድ ቅንፍ ሲረሳ ፕሮግራሙ አዲሱን ጽሑፍ አይቀበልም፤ የቀደመው ዙር ይቀጥላል። ሙዚቀኛው የተረሳውን በፊታችን ሲፈልግ ማየት ቀጥታ እየሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

«እንግዲያው በፊት ረጅም ገለጻ ይሰጥ»

አይሰጥ፤ ገለጻ ሲረዝም አዳራሹ መማሪያ ክፍል ይሆናል። ለእኚያ አባት ይህን ያህል የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ይበቃ ነበር፦ «ግድግዳው ላይ የሚያዩት ልጆቹ አሁን የሚጽፉት ነው። ማንበብ የለብዎትም። ቁጥር ሲለወጥ ካዩ ጥቂት ይጠብቁ፤ ይሰሙታል።»