ዋይልድካት ጥይትና መደበኛ ጥይት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ገብቶ አንድ ሳጥን .308 ዊንቸስተር የሚገዛ አዳኝ፣ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም በበርሜሉ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን አይቶ ይከፍልና ይሄዳል። ይህን ያህል እንዲተማመን ያስቻለው በ1926 የተቋቋመው የአሜሪካ የጠመንጃና የጥይት አምራቾች ማኅበር ሳሚ ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ሲአይፒ ነው። እነዚህ አካላት የጥይቱን ልክ፣ ጥይቱ የሚጎርስበትን ቼምበር ልክና ሊታለፍ የማይገባውን ከፍተኛ ግፊት በጽሑፍ አስፍረዋል፤ ጥይት ሠሪውም ጠመንጃ ሠሪውም የሚሠሩት ያንኑ ሰነድ ይዘው ነው።

ዋይልድካት ከዚህ ሰነድ ውጭ ያለ ጥይት ነው። ጠመንጃ ሠሪ ወይም ተኳሽ አንድ ነባር ቀለህ (ባሩዱንና አረሩን የሚይዘውን ናስ) ይወስድና አንገቱን ያጠበዋል ወይም ያሰፋዋል፣ ቁመቱን ያሳጥረዋል፣ ወይም ትከሻውን ገፍቶ ሆዱን ያሰፋዋል። ፋብሪካ አያመርተውም፤ ሳጥን ላይ ስሙ አይገኝም። ስለ እነዚህ ጥይቶች በተኳሾች ዘንድ በስህተት የሚታመነው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ገንዘብ ያስወጣል፣ አንዳንዱ ዓይንና እጅ ያሳጣል።

«ዋይልድካት ምንጊዜም ከመደበኛው ይፈጥናል»

ፍጥነት የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፤ በቀለሁ ውስጥ ካለው ቦታና ከግፊቱ። ግፊቱ እኩል ከሆነ፣ የቀለሁ ይዘት በመቶኛ ሲጨምር የአረሩ ፍጥነት የሚጨምረው የዚያን ሩብ ያህል ብቻ ነው። ተኳሾች ለግምት የሚጠቀሙበት ይህ ስሌት በተግባር ብዙም አይስትም።

.30-06ን እንውሰድ። ትከሻው ወደ 40 ዲግሪ ተገፍቶ ሆዱ ሲሰፋ ይዘቱ ቢበዛ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። አረሩ በሰከንድ 850 ሜትር ይሄድ ከነበረ ትርፉ 13 ሜትር ገደማ ነው። በ300 ሜትር ርቀት ላይ ይህ በአረሩ መውደቅ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ለዚህ ብሎ ቼምበር ማስቆፈርና ልዩ ዳይ (ቀለህ የሚቀረጽበት ብረት) ማሠራት ለአዳኝ የሚያዋጣ አይመስለንም።

«እኔ ግን 60 ሜትር አገኘሁ» የሚል ሰው ሲገጥም ትርፉ ከቀለሁ ቅርጽ አልመጣም፤ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ነው የሚተኩሰው። ጥሩ ማሳያው .257 ሮበርትስ ነው። በሳሚ ሰነድ ላይ የዚህ ጥይት መደበኛ የግፊት ጣሪያ 54,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ የ.25-06 ሬሚንግተን ግን 63,000 ነው። ሮበርትስን ወደ «ኢምፕሩቭድ»፣ ማለትም ትከሻው ወደተገፋው ዓይነት፣ ቀይሮ በዘመናዊ ጠንካራ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው የሚያየው ትልቅ ልዩነት በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት የመጣ ነው።

ቅርጹ በእርግጥ የሚጠቅመው እንደ .300 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ያለ፣ ከሥሩ እስከ ትከሻው በጣም እየቀጠነ የሚሄድ አሮጌ ቀለህ ላይ ነው። ሮይ ዌዘርቢ በ1944 ያንን ቀለህ አስፍቶ .300 ዌዘርቢ ማግነምን አወጣ፤ እዚያ ላይ የተገኘው ቦታ ብዙ ነበር።

«መደበኛ ጥይት የፋብሪካ ፈጠራ ነው፣ ዋይልድካት ግን የግለሰብ ሙከራ ነው»

ዛሬ በየሱቁ ከሚሸጡት ጥይቶች ብዙዎቹ በዋይልድካትነት የተወለዱ ናቸው። .22-250 ከ.250 ሳቬጅ ቀለህ የተሠራና በ1930ዎቹ በግለሰቦች እጅ የነበረ ነው፤ ሬሚንግተን በ1965 መደበኛ አደረገው። .25-06 ከ1920 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ፋብሪካ የተቀበለው በ1969 ነው። የኔድ ሮበርትስ ጥይት፣ ያው .257 ሮበርትስ፣ ከ7 በ57 ማውዘር ተነሥቶ በ1934 ሬሚንግተን እጅ ገባ። በጠመንጃ ሠሪው በአክሊ ስም የሚጠራው .280 አክሊ ኢምፕሩቭድ ደግሞ በጥይት አምራቹ ኖስለር በኩል በ2007 የሳሚ ሰነድ ውስጥ ገባ።

መደበኛ መሆን ማለት እንግዲህ ልኩና ግፊቱ ተለክቶ ሁሉም ሰው የተስማማበት ሆነ ማለት ነው። ቀለሁ በዚያ ቀን የተለየ ኃይል አላገኘም።

«ስሙ አንድ ከሆነ ጥይቱም አንድ ነው»

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው። ዋይልድካት ሰነድ ስለሌለው እያንዳንዱ ቼምበር የሚቆፈርበት ሪመር የራሱ ልክ አለው። ከላይ የጠቀስነው .280 አክሊ ራሱ ዛሬም ሁለት ልክ ይዞ ነው የሚዞረው። ቀድሞ በየወርክሾፑ የተቆፈረው ቼምበርና በ2007 የጸደቀው የሳሚ ልክ፣ ቀለሁ ከትከሻው ተደግፎ በሚቀመጥበት ርዝመት 0.36 ሚሊሜትር ገደማ ይለያያሉ። ለአንዱ የተሠራው ጥይት በሌላው ውስጥ ወይ አልገባም ይላል፣ ወይ ክፍተት ይተዋል።

ያገለገለ የዋይልድካት ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ሻጩ የነገረውን ስም ይዞ ዳይ ማዘዝ የለበትም። ቼምበሩን በቀላጭ ብረት ቀርጾ መለካት አለበት። ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ሴሮሴፍ ከ71 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። በርሜሉን ከቼምበሩ ትንሽ አለፍ ብሎ በጨርቅ ደፍኖ፣ ቼምበሩን ሞልቶ፣ ሲረጋ ማውጣት ነው። ብረቱ መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ቀጥሎ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ከቼምበሩ ጋር እኩል የሚሆነው ከፈሰሰ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ስለሆነ በካሊፐር የሚለካው ያኔ ነው። በማግስቱ የሚለካ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይሄዳል።

ጥይት ስለገባ ብቻ ልኩ ነው ማለትም አይቻልም። .300 ብላክአውት የ.223ን ቀለህ አሳጥሮ የተሠራ ስለሆነ ከአንዳንድ አረሮች ጋር .223 ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ መቀባበያው ይዘጋል። 7.82 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አረር ለ5.69 ሚሊሜትር አረር በተሠራ በርሜል ሊያልፍ አይችልምና ጠመንጃው ይፈነዳል። ሁለቱም ጥይቶች ዛሬ መደበኛ ሆነው እንኳ ይህ ደርሷል። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብሮ መዘርጋት ፈጽሞ አይገባም፤ ካዝናዎቹም በቀለም ይለዩ።

«አንገቱን በዳይ ማጥበብ ብቻ ነው፣ ሌላው ቀላል ነው»

ዳይ ውስጥ ማስገባቱ በእርግጥ አይከብድም። ችግሩ ናሱ የትም አለመጥፋቱ ነው። የ.308ን አንገት 6.17 ሚሊሜትር ለሆነ አረር ስናጠበው የአንገቱ ግድግዳ ይወፍራል፤ ቀለሁም ይረዝማል። አረር የተሰካበት አንገት ከቼምበሩ አንገት ጋር ሲጣበቅ፣ ባሩዱ ሲነድ አንገቱ ሰፍቶ አረሩን መልቀቂያ ቦታ ያጣል፤ ግፊቱም በአንድ ጊዜ ይዘላል። ስለዚህ አረር የተሰካበትን አንገት በማይክሮሜትር መለካት፣ ከቼምበሩ አንገት ስፋት ቢያንስ 0.05 ሚሊሜትር እንደሚያንስ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለአደን ጠመንጃ ከዚህ ሰፋ ቢል ይሻላል፤ አቧራና ቆሻሻ አለና። ካነሰ የአንገቱን ግድግዳ ከውጭ ማስላጨት ግድ ነው።

ትከሻው የሚገፋው ዓይነት፣ ማለትም «ኢምፕሩቭድ» የሚባለው፣ ቅርጹን የሚይዘው በመተኮስ ነው። በደንብ የተቆፈረ የአክሊ ቼምበር ከእናቱ ጥይት (ቀለሁ ከተወሰደበት ነባር ጥይት) ቼምበር 0.1 ሚሊሜትር ገደማ አጠር ይላል። በዚህ ምክንያት የፋብሪካው ጥይት ሲገባ አንገቱና ትከሻው የሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ተጨምቆ ይያዛል፤ መቀባበያው ሲዘጋ እጅ ላይ ትንሽ ክብደት ይሰማል። ያ ክብደት ከሌለ መተኮስ የለበትም። ቀለሁ ካልተያዘ መርፌው ወደ ፊት ይገፋዋል፣ የፊት ግድግዳው በግፊት ቼምበሩን ይነክሳል፣ የኋላው ግን ወደ መቀባበያው ይለጠጣል፤ ከሥሩ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ናሱ ይሳሳል። ከሁለት ወይም ሦስት ተኩስ በኋላ ቀለሁ እዚያ ላይ ለሁለት ይቆረጣል፤ ትኩስ ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ይህን ቀድሞ ማወቂያው ርካሽ ነው። የወረቀት መያዣ ሽቦ ዘርግቶ ጫፉን በትንሹ ማጠፍ፣ ቀለሁ ውስጥ እስከ ሥሩ አስገብቶ ጫፉን ግድግዳው ላይ እየጎተቱ ማውጣት ነው። ጫፉ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ከተያዘ ያ ቀለህ ይጣል፤ ከዚያው ዙር የተተኮሱትም ሁሉ በዚሁ መንገድ ይፈተሹ። ከውጭ በኩል የሚያበራ ቀለበት መታየቱም ያንኑ ነው የሚናገረው።

ቀለሁን በልኩ የማሳጠሩ ሥራ የሚመጣው ቅርጹን ከያዘ በኋላ ነው፤ አንገት ሲጠብ ያስረዝማል፣ በመተኮስ መስፋት ደግሞ ያሳጥራልና። የረዘመ ቀለህ አፉ ከቼምበሩ ጫፍ ጋር ተጋጭቶ አረሩን ያንቀዋል። ናሱን በእሳት ማለስለስ ካስፈለገ አንገቱና ትከሻው ብቻ ነው የሚሞቀው፤ ሥሩ የለሰለሰ ቀለህ ከእንግዲህ ጥይት አይሆንም። የጦር ሠራዊት ቀለህም ብዙ ጊዜ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ይዘቱ ያንሳል፤ ለሲቪል ቀለህ የተለካውን ባሩድ እሱ ውስጥ መጨመር ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል።

«የአክሊ ትከሻ ግፊትን ይቀንሳል»

ጠመንጃ ሠሪው ፓርከር ኦቶ አክሊ የዊንቸስተር ሞዴል 94ን መቆለፊያ አውልቆ የሰፋውን .30-30 ተኩሶበታል፤ ቀለሁ ቼምበሩን ነክሶ ቀረ። ሙከራው ያሳየው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ደረቅ ቀለህ ወደ ኋላ በመቀባበያው ላይ የሚያሳርፈው ጫና እንደሚያንስ ነው። በቼምበሩና በበርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ግን እንዳለ ነው። ቀለሁ ላይ የዳይ ቅባት ከቀረ ያ ንክሻም ይጠፋል፤ ስለዚህ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ቼምበሩም ደርቆ ነው የሚተኮሰው።

«የቀለሁ መቀጣጠያ ካልተጨፈለቀ ግፊቱ ደህና ነው»

የተጨፈለቀ መቀጣጠያ (ፕራይመር)፣ የቀለሁ ሥር ላይ የታተመ የማስወጫ ምልክት፣ አልነሣ የሚል መቀባበያ፣ እነዚህ ሁሉ የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ ከሚፈቀደው ጣሪያ ካለፈ በኋላ ነው። ለመደበኛ ጥይት በላቦራቶሪ የተለካ የባሩድ ሰንጠረዥ አለ፤ ለዋይልድካት ግን ብዙ ጊዜ የለም፣ ያለውም ከሌላ ሰው ቼምበር የተወሰደ ነው። የእናቱ ጥይት ከፍተኛ ልክ መነሻ ሊሆን አይችልም። ይዘቱና የአረሩ ስፋት ተቀራራቢ የሆነ መደበኛ ጥይት ፈልጎ ከዝቅተኛው ቁጥር መነሣት፣ እያንዳንዱንም ተኩስ በክሮኖግራፍ (በአረር ፍጥነት መለኪያ) መለካት ነው ያለው አማራጭ። ፍጥነቱ በሩብ ስሌቱ ከሚጠበቀው በላይ ከወጣ፣ ቀለሁ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢመስል፣ እዚያው ማቆምና መቀነስ ይገባል።

«ዋይልድካት በተፈጥሮው ከፋብሪካ ጥይት ይልቅ ዒላማ ይመታል»

ለዚህ እምነት መነሻው 6 ፒፒሲ ነው፤ ሉ ፓልሚሳኖና ፌሪስ ፒንዴል በ1970ዎቹ ከ.220 ራሺያን ሠርተው በቤንችሬስት፣ ማለትም ጠመንጃን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ በሚተኮስበት ውድድር፣ የነገሡበት። የ.220 ራሺያን እናት ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው የክላሽ ጥይት፣ 7.62 በ39 ነው። ያም ሆኖ የፒፒሲ ተወዳዳሪ በእጅ የተላጨ አንገት፣ በጥንቃቄ የተቆፈረ ቼምበር፣ ከባድ በርሜልና ተመርጦ የተመዘነ አረር ይዞ ነው የሚሰለፈው። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለ.308 ወይም ለ6.5 ክሪድሞር የሰጠ ሰው ለአደን ከሚያስፈልገው በላይ ያገኛል። በአሮጌ በርሜል ላይ ዋይልድካት ማስቆፈር ግን ውጤቱን አይለውጠውም።

«ራሴ ስለምሠራው ይረክሰኛል»

አይረክስም። የሪመሩ፣ የልዩ ዳዩና የጠመንጃ ሠሪው ክፍያ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ቅርጽ ለማስያዝ ብቻ የሚተኮሰው አረርና ባሩድ፣ የሚያልቀው የበርሜል ዕድሜም ይታከልበት። አሜሪካ ውስጥ ለራስ ጥይት መሥራት በፌዴራል ደረጃ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ መሥራት ግን ይጠይቃል። ሌላ አገር የሚኖር አንባቢ ሕጉን ሳያጣራ አንድ ቀለህ እንኳ እንዳይነካ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ የሚታየው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

ጉዞም አለ። አየር መንገዶች በአብዛኛው ለአንድ መንገደኛ የሚፈቅዱት 5 ኪሎ ጥይት ነው። ደጋ አጋዘን ለማደን ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ አዳኝ ሻንጣው መንገድ ላይ ከቀረ፣ .300 ዊንቸስተር ማግነም ለያዘ ሰው ከሌላ አዳኝ ላይ ጥይት የማግኘት ዕድል አለ። የዋይልድካት ባለቤት ግን ሻንጣው እስኪመጣ ይጠብቃል።

ዋይልድካቱን የሚያቆይ ሰው በርሜሉ ላይ ሙሉ ስሙን ያስቀርጽ፤ የእናቱ ጥይት ስም ብቻውን መቅረት የለበትም። የሪመሩን ሥዕል፣ የቼምበሩን አንገት ስፋትና በዚያው ጠመንጃ የተተኮሱ ሦስት ቀለሆችን ከዳዩ ጋር በአንድ ሳጥን ያስቀምጥ፤ ጠመንጃው በሽያጭም ሆነ በውርስ እጅ ሲለውጥ ሳጥኑ አብሮ ይሂድ።