የግዴታ ተፋላሚ ምንድን ነው?

ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኦሌክሳንደር ኡሲክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ደብልዩ ቢ ኦ የተባለውን የቦክስ ማኅበር የከባድ ሚዛን ቀበቶ፣ ማለትም የሻምፒዮንነት ማዕረግ፣ በፈቃዱ ሲለቅ፣ አንድ የስፖርት ተንታኝ ሻምፒዮኑ የግዴታ ተፋላሚውን ፈርቶ እንደሸሸ ለአድማጮቹ አስረዳ። ይኸው ተንታኝ በ2024 ክረምት ኡሲክ የሌላውን ማኅበር፣ የአይ ቢ ኤፍን፣ ቀበቶ በለቀቀ ጊዜም ያንኑ ብሎ ነበር፤ የግዴታ ተፋላሚ ማለት ከሻምፒዮኑ ቀጥሎ የዓለም ምርጡ ቦክሰኛ ስለሆነ እርሱን ያልገጠመ ሰው ሻምፒዮን ሊባል አይገባውም የሚል ማብራሪያም አክሎበታል። ይህ አባባል ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ቢሰማ ባለፍኩት ነበር፤ ነገር ግን ስለ ኡሲክ ብቃት በሚደረግ ክርክር ሁሉ እንደ ማስረጃ መቅረብ ከጀመረ ቆይቷል፤ በእርሱም የተነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ ከተሳሳተ ቦታ ይነሣል።

የዕለት ሥራዬ ውል ማርቀቅና ከውል የሚነሡ ክርክሮችን መያዝ ነው፤ ይህንንም ጉዳይ የማየው ከዚያ በኩል ነው። የግዴታ ተፋላሚ ማለት አንድ ቀበቶ ሰጪ ማኅበር በራሱ ደንብ መሠረት፣ የራሱን ቀበቶ የያዘው ሻምፒዮን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲገጥመው ያዘዘለት ቦክሰኛ ነው። ግዴታው የተጣለው በሻምፒዮኑ ላይ ሲሆን፣ ግዴታውን የገባውም ለማኅበሩ ነው። ተፋላሚው በዚህ ግንኙነት ውስጥ ተጠቃሚ ነው፤ የያዘው ነገር መብት እንጂ የችሎታ ማዕረግ አይደለም። ሻምፒዮኑ ግዴታውን መወጣት ካልፈለገ ወይም ካልቻለ ደንቡ የሚያስከትልበት ቅጣት አንድ ነው፤ ቀበቶውን ያጣል። ከዚህ አልፎ ስለ ወኔውም ሆነ ስለ ቡጢው ጥንካሬ ደንቡ የሚናገረው ነገር የለም።

ዛሬ በከባድ ሚዛን ትልቅ የሚባሉት ማኅበራት አራት ናቸው፤ ደብልዩ ቢ ኤ፣ ደብልዩ ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍና ደብልዩ ቢ ኦ። እያንዳንዱ የራሱ የደረጃ ሰንጠረዥ፣ የራሱ የጊዜ ገደብ (ለምሳሌ በአይ ቢ ኤፍ ዘንድ በመደበኛው 9 ወር) እና የራሱ የልዩ ሁኔታ አንቀጾች አሉት። ተንታኙ የዘነጋው ዋናው ነገር እነዚህ ሰንጠረዦች የሌላውን ማኅበር ሻምፒዮን የማያካትቱ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ የዓለም ሁለተኛው ምርጥ ቦክሰኛ የሌላ ማኅበር ቀበቶ ከያዘ፣ በመጀመሪያው ማኅበር ዝርዝር ላይ ስሙ ጨርሶ አይገኝም። በሌላ አነጋገር ሥርዓቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ጠንካራውን ተቀናቃኝ ከተራው ውጭ ያደርገዋል። በሰንጠረዥ 1ኛ መሆንም ቢሆን በራሱ የግዴታ ተፋላሚ አያደርግም። ዲሊያን ዋይት በደብልዩ ቢ ሲ ሰንጠረዥ አናት ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ሳለ ማኅበሩ ፍልሚያ ሳያዝለት ቆይቷል፤ በመካከሉ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 በአሌክሳንደር ፖቬትኪን በ5ኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ፤ በመልስ ግጥሚያው አሸንፎ ቦታውን ካስመለሰ በኋላ የዓለም ሻምፒዮንነት ዕድሉን ያገኘው ገና በኤፕሪል 2022 ነበር፤ በዚያም ታይሰን ፊውሪ በ6ኛው ዙር ዘረረው።

ነገሩን በዕቁብ ላስረዳ። ዕጣ የወጣለት ዕቁብተኛ ገንዘቡን የሚወስደው ከሌሎቹ የበለጠ ነጋዴ ስለሆነ ወይም ከሁሉ የባሰ ችግር ስላለበት አይደለም፤ ማኅበሩ ውስጥ ስለገባ፣ መዋጮውን ስለከፈለና ዕጣው ስለወጣለት ነው። አራቱንም ቀበቶ የሰበሰበ ሻምፒዮን ደግሞ በአንድ ጊዜ አራት ዕቁብ የገባ ሰው ነው፤ በየዕቁቡ እጁን የሚጠብቅ ባለ ዕጣ አለ፤ ሰብሳቢዎቹ ተነጋግረው ቀኑን ካላፈራረቁለት በስተቀር ለአራቱም በአንድ ሳምንት ሊከፍል አይችልም። ማኅበራቱ ግዴታዎቹን በየተራ የሚያዙበት ልማድ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ባለ ዕጣው ቸኩሎ ለመጣ ሰው ዕጣውን ሸጦ ትርፍ እንደሚቀበል ሁሉ፣ የግዴታ ተፋላሚም ገንዘብ ተቀብሎ ሌላ ትልቅ ፍልሚያ እንዲቀድም ሊፈቅድ ይችላል፤ ይህም በቦክስ ውስጥ የተለመደና ነውር የሌለበት ስምምነት ነው። ሰብሳቢው ለድካሙ ከድርሻው እንደሚቆርጥ፣ ማኅበራቱም ከቦክሰኞቹ ክፍያ በመቶኛ የተሰላ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ትእዛዛቸው ከጥቅም ነጻ የሆነ የስፖርት ፍርድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ዕቁቡና ቦክሱ የሚለያዩት በመጠበቅ ላይ ነው። በዕቁብ ዕጣው የዘገየበት ሰው መዋጮው አይጠፋበትም፤ ቢዘገይም ይደርሰዋል። በቦክስ ግን ባለ ተራው እየጠበቀ ሳለ ከተሸነፈ ተራው ወደ አሸናፊው ይሄዳል። ጆሴፍ ፓርከር በ2025 የደብልዩ ቢ ኦ ጊዜያዊ ሻምፒዮን፣ ማለትም ለዋናው ቀበቶ ቀጣዩ ባለ ተራ፣ ነበር፤ በጁላይ ማኅበሩ ከኡሲክ ጋር እንዲገናኝ አዘዘለት። ኡሲክ የጀርባ ጉዳት እንዳለበት ገልጾ ተጨማሪ ጊዜ ጠየቀ። ፓርከር ዝም ብሎ መቀመጥን አልመረጠም፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 25 ቀን 2025 ለንደን ላይ ፋቢዮ ዋርድሊን ገጠመና በ11ኛው ዙር ዳኛው ፍልሚያውን አስቆመበት። የፓርከር መብት በአንድ ምሽት የዋርድሊ ሆነ። ተንታኙ ኡሲክ ሸሸው ያለው የዓለም ሁለተኛ ምርጥ ቦክሰኛ እንግዲህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማንነቱ የተቀየረ ሰው ነው።

አሁን ወደ 2024 እንመለስ፤ ጥፋተኝነቱ በስህተት የተፈረደበት እዚያ ነውና። ኡሲክ እ.ኤ.አ. በሜይ 18 ቀን 2024 ሪያድ ላይ ታይሰን ፊውሪን በዳኞች ብልጫ አሸንፎ አራቱንም ቀበቶ ጠቀለለ፤ በከባድ ሚዛን ሁሉንም ዋና ዋና ቀበቶዎች የጠቀለለ ሰው ከሌኖክስ ሉዊስ ወዲህ አልታየም ነበር። የሁለቱ ውል የመልስ ግጥሚያን ያካተተ ነበር። በሌላ በኩል ተራው የአይ ቢ ኤፍ ነበር፤ ማኅበሩም በጁን መጀመሪያ ፊሊፕ ህርጎቪችን ያሸነፈውን ዳንኤል ዱብዋን የግዴታ ተፋላሚ አድርጎ አቆመ። ኡሲክ የመልስ ግጥሚያውን ትቶ ዱብዋን ቢገጥም ኖሮ ከፊውሪ ጋር የገባውን ውል ያፈርስ ነበር፤ ፊውሪን ሲመርጥ ደግሞ ለአይ ቢ ኤፍ የገባውን ግዴታ መወጣት አልቻለም። በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል፤ ሌሎች አገሮችም በየራሳቸው አነጋገር ይህንኑ ያውቃሉ። ይሁንና ውል ተዋዋይ ያልሆነውን ሦስተኛ ወገን አያስገድድም፤ አይ ቢ ኤፍ ደግሞ በፊውሪና በኡሲክ ውል ውስጥ አልፈረመም፤ ስለሆነም የመልስ ግጥሚያውን የመጠበቅ ግዴታ አልነበረበትም። (የእነዚህ ውሎች ሙሉ ይዘት ለሕዝብ አይገለጽም፤ ስለዚህ እዚህ የምናገረው በይፋ ስለታወቀው ክፍል ብቻ ነው።) ሁለት ግዴታዎች ተጋጩ፤ ሻምፒዮኑ በትንሹ ኪሣራ የሚፈታውን መንገድ መርጦ ቀበቶውን አስረከበ። ዱብዋ ሻምፒዮን ተባለ፤ በሴፕቴምበርም ዌምብሊ ላይ አንቶኒ ጆሹዋን በ5ኛው ዙር ዘረረ።

ፈርቶ ነው የሚለው ክስ ሊጸና የሚችለው ሻምፒዮኑ ከዚያ በኋላ ባደረገው ነገር ነው። ኡሲክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ፊውሪን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ብለው ሰጡት። በጁላይ 19 ቀን 2025 ደግሞ ያስረከበውን ቀበቶ ፍለጋ በዱብዋ ከተማ፣ በዌምብሊ ሜዳ ተገኝቶ በ5ኛው ዙር ዘረረው። ይህ ሁለተኛው ግጥሚያቸው ነበር፤ በኦገስት 2023 ፖላንድ ውስጥ በ9ኛው ዙር አሸንፎታል። በዚያ ፍልሚያ በ5ኛው ዙር ዱብዋ ኡሲክን መሬት ላይ የጣለበት ቡጢ ከቀበቶ በታች ነው ተብሎ አለመቆጠሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩም አግባብነት ያለው ነው። ሆኖም በዌምብሊ የተሰጠው መልስ ያንን ጥያቄ አብዛኛውን ክብደት አሳጥቶታል።

ለማነጻጸር የሪዲክ ቦውን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ቦው በኖቬምበር 1992 ኢቫንደር ሆሊፊልድን አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን የደብልዩ ቢ ሲ የግዴታ ተፋላሚ ሌኖክስ ሉዊስ ነበር። ሁለቱ መግባባት አልቻሉም፤ በዲሴምበር ቦው ለንደን ላይ ቀበቶውን በጋዜጠኞች ፊት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረው። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ ሉዊስ ቦውን በ2ኛው ዙር አሸንፎት ነበር፤ በፕሮፌሽናል ዘመናቸው ግን አንድም ቀን አልተገናኙም። ስለ ክፍያ ክፍፍሉ እያንዳንዱ ወገን የየራሱ ቅሬታ ነበረው፤ ያም ቢሆን የሽሽት ወቀሳ የሚቀርብበት ሻምፒዮን ካስፈለገ ጥያቄው ለቦው ቢቀርብ ተገቢ ነው።

ማኅበራቱ የሻምፒዮኑን ውል ሳይጠብቁ ቀበቶ መንጠቃቸው አዲስ ነገርም አይደለም። በ1978 ሊዮን ስፒንክስ መሐመድ አሊን አሸንፎ የመልስ ግጥሚያ ሊሰጠው ሲስማማ ደብልዩ ቢ ሲ ቀበቶውን ነጥቆ ለኬን ኖርተን ሰጠ፤ ኖርተን የዓለም ሻምፒዮንነት ፍልሚያ በመድረክ ላይ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ሻምፒዮን ተባለ፤ ቀበቶውን ለመጠበቅ ባደረገው የመጀመሪያ ፍልሚያም በላሪ ሆልምስ ተረታ። ታይሰን ፊውሪ በኖቬምበር 2015 ዱሰልዶርፍ ላይ ቭላድሚር ክሊችኮን ካሸነፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ የመልስ ግጥሚያ ውል ስላለበት የግዴታ ተፋላሚውን ቪያቼስላቭ ግላዝኮቭን ሊገጥም ባለመቻሉ አይ ቢ ኤፍ ቀበቶውን ወሰደ። ክፍቱን ቀበቶ ግላዝኮቭ በ3ኛው ዙር ጉልበቱን በመጎዳቱ ተጋጣሚው ቻርልስ ማርቲን ወሰደው፤ ማርቲን ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላው በ2ኛው ዙር ለጆሹዋ አስረከበ። ፊውሪም ክሊችኮም በሙሉ አቅማቸው በነበሩበት ጊዜ፣ የቀበቶው መንገድ ከእነርሱ ውጭ በእነዚህ ሰዎች በኩል አለፈ። የግዴታ ተፋላሚነት የችሎታ ደረጃ ነው የሚል ሰው ይህን ታሪክ እንዴት እንደሚያስታርቀው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ስል ሥርዓቱ ይጥፋ ማለቴ አይደለም፤ በተቃራኒው ለሥርዓቱ እቆረቆራለሁ። ሻምፒዮንና ፕሮሞተሩ (ፍልሚያ አዘጋጁ) ተጋጣሚ እንዲመርጡ ሙሉ በሙሉ ቢተው ኖሮ ብዙ አደገኛ ቦክሰኞች ዕድል ሳያገኙ ያረጁ ነበር። ከ2006 ጀምሮ የነገሠው ክሊችኮ የወደቀው በደብልዩ ቢ ኦ የግዴታ ተፋላሚ፣ በፊውሪ እጅ ነው። ኡሲክ ራሱ ከከባድ ሚዛን በታች ካለው ከክሩዘር ሚዛን ወደ ላይ ሲወጣ ጆሹዋን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነበር። በ2021 ዓለም የሚጠብቀው የጆሹዋንና የፊውሪን ፍልሚያ ነበር፤ የግልግል ዳኛ ፊውሪ አስቀድሞ ከዲዮንቴይ ዋይልደር ጋር የገባውን የውል ግዴታ እንዲፈጽም ሲወስን ያ ዕቅድ ፈረሰ፤ ወዲያው ደብልዩ ቢ ኦ የኡሲክን ተራ አዘዘ። በሴፕቴምበር 25 ቀን 2021 ለንደን ላይ ኡሲክ ጆሹዋን በሦስቱም ዳኞች ነጥብ አሸነፈው። ጆሹዋ በራሱ ምርጫ ቢሆን ኖሮ ያን ምሽት ግራኝ ቆሞ በእግሩ የሚያደክመውን ሰው ይገጥም ነበር ብዬ አላምንም።

በኖቬምበር 2025 ስለተለቀቀው ቀበቶ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ለተንታኙ ከ2024ቱ የተሻለ መቆሚያ አለው ብዬ አምናለሁ። በዚያን ጊዜ የመልስ ግጥሚያ ውል የሚያስገድድ እንደነበር አልተገለጸም፤ ኡሲክ ዋርድሊን መግጠም እየቻለ አልመረጠም ማለት ይቻላል። ጆሹዋን፣ ፊውሪንና ዱብዋን እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ ያሸነፈ፣ በዚያን ጊዜ 24 ፍልሚያ አድርጎ አንድም ያልተሸነፈ የ38 ዓመት ሰው ከዚህ በኋላ ማንን ልግጠም የሚለውን ለመወሰን መፈለጉን መውቀስ ይቻላል። ወቀሳው ግን መባል ያለበት እንዲህ ነው፦ ሻምፒዮኑ ግዴታውን ከመወጣት ይልቅ መብቱን መልቀቅ መረጠ፤ የሚያስከትለውንም ዋጋ፣ ማለትም አራቱንም ቀበቶ የመያዝን ክብር፣ ከፈለ። ዋርድሊም የፍልሚያ ዕድሉ ሳይደርሰው ቀበቶው ደረሰው።

ስለ ቀጣዮቹ ተፋላሚዎች የሚደረገውም ክርክር በዚሁ መለኪያ ቢመራ ይጠራል። ሞሰስ ኢታውማ በኦገስት 2025 ዲሊያን ዋይትን በአንደኛው ዙር ከዘረረ ወዲህ የብዙ ሰው ምኞት ሆኗል፤ ምኞት ደግሞ ትልቅ ፍልሚያ ሊያዘጋጅ ይችላል፣ ነገር ግን ማንንም አያስገድድም። አጊት ካባዬል ስሙ እምብዛም አይነሣም፤ ሆኖም ሦስት ጠንካራ ቦክሰኞችን በተከታታይ ሪያድ ላይ አስቁሞ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ዣንግ ዥሌይን በ6ኛው ዙር በዘረረበት ምሽት የደብልዩ ቢ ሲን ጊዜያዊ ቀበቶ አግኝቷል። ጊዜያዊ ቀበቶ በተለምዶ የወረፋው ራስ ነው፤ ስለዚህ ኡሲክ የሚገጥመው ማን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ በእጁ ወረቀት ያለው ካባዬል ነው። ወረቀቱ ፍልሚያ ይሆን ወይስ አይሆን የሚወሰነው ደብልዩ ቢ ሲ ትእዛዙን በሚሰጥበት ቀንና ከዚያ በፊት በሚፈረሙ ሌሎች ውሎች ነው።