ፌም ሶል ምንድን ነው? ባል እያላት በሕግ ለብቻዋ የምትቆም ሴት

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ሴት ስታገባ ገንዘቧ፣ ከብቷና የቤት ዕቃዋ የባሏ ይሆናል። መሬት ካላትም ትዳሩ እስካለ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። በራሷ ስም መዋዋል አትችልም፤ ያለ ባሏ መክሰስም መከሰስም የለም። ያላገባች ሴትና ባሏ የሞተባት ግን ይህን ሁሉ ያደርጋሉ። በሕጉ አነጋገር ፌም ሶል፣ ማለትም ብቸኛ ሴት፣ የሚባሉት እነሱ ናቸው።

የለንደን ከተማ ልማድ ለባለትዳሮችም አንድ በር ከፍቶ ነበር። የከተማዋ ጸሐፊ ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1419 ባጠናቀረው «ሊበር አልቡስ» በተባለው የደንብ መጽሐፍ ላይ ነገሩ በግልጽ ሰፍሯል። ባሏ እጁን በማያስገባበት ሙያ ለብቻዋ የምትሠራ ሚስት፣ ሙያዋን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ እንዳላገባች፣ ማለትም እንደ ፌም ሶል፣ ትቆጠራለች። ሱቅ ከተከራየች ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። በዕዳ ተከስሳ ከተፈረደባት እስር ቤት የምትገባውም እሷው ናት፤ ባሏም ሆነ ንብረቱ አይነካም።

ይህ ለሴቶች ታስቦ የተደረገ ውለታ አይመስለኝም። ሕጉ የባልን ሀብት ከሚስቱ ዕዳ ያድናል፤ አበዳሪውም ማንን እንደሚይዝ ያውቃል። ሴቲቱ ነፃነቱን የምታገኘው ከነዕዳው ነው። የሆነ ሆኖ ተጠቅመውበታል። ሐር እየፈተሉና ሪባን እየሠሩ የሚሸጡ፣ ሴት ልጆችን ተቀብለው ሙያ የሚያስተምሩ የለንደን ሴቶች ነበሩ። በ1368 አንድ የሎምባርዲ (የሰሜን ጣሊያን) ነጋዴ በከተማው ያለውን ሐር ሁሉ እየገዛ አስወደደብን ብለው አቤቱታ እስከማቅረብ ደርሰዋል።

የዘመኑን ሥነ ጽሑፍ ይህን ይዞ ላነበበ ሰው ብዙ ነገር ይገለጥለታል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ«ካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ የፈጠራትን፣ ባዝ ከምትባል ከተማ አካባቢ የመጣችውን «የባዝ ሴት» እንውሰድ። በጨርቅ ሥራ የታወቁትን የኢፕርንና የጌንትን ከተሞች ባለሙያዎች የምታስከነዳ፣ ከ12 ዓመቷ ጀምሮ አምስት ባል ያገባች ናት። ስለ እሷ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ምላሷና የአልጋ ወሬዋ ነው። እኔ ግን አንባቢ መሬቱን እንዲከታተል እመክራለሁ። ሽማግሌ ባሎቿ መሬታቸውንና ሀብታቸውን ሰጥተዋታል። 40 ዓመት ሲሆናት የ20 ዓመቱን ጃንኪንን ወድዳ አገባችና ያላትን ሁሉ ለእሱ አስረከበች። ወዲያው ተጸጸተች፤ ከዚያ በኋላ የፈለገችውን አላስደርግ አላት።

ጃንኪን ማታ ማታ ስለ ክፉ ሚስቶች የሚናገር መጽሐፍ ያነብባታል። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና ከመጽሐፉ ሦስት ቅጠል ገንጥላ በቡጢ ብትለው እሳቱ ላይ ወደቀ። ተነሥቶ ጭንቅላቷን መታት፤ አንድ ጆሮዋ የደነቆረው ያኔ ነው። ሲታረቁ ጃንኪን የቤቱንና የመሬቱን አስተዳደር፣ የገዛ ምላሱንና እጁን ልጓም ጭምር አስረከባት። መጽሐፉም እሳት ውስጥ ገባ። በዕርቁ ዝርዝር ውስጥ ፍቅር ሳይሆን ቤትና መሬት መቅደሙን ልብ ይሏል። ሕጉ በጋብቻ የወሰደባትን ባሏ በፈቃዱ መለሰላት፤ ሌላ የምታስመልስበት መንገድ አልነበራትም።

ማርጀሪ ኬምፕ ደግሞ በእውን የኖረች ሴት ናት፤ በ1373 ገደማ ሊን በምትባል የወደብ ከተማ ከአንድ ከንቲባ ተወለደች። ራሷ አስጽፋ በተወችው የሕይወት ታሪኳ እንደምትነግረን፣ አግብታ ሳለ ለሦስት አራት ዓመት ከከተማዋ ትልልቅ ቢራ ጠማቂዎች አንዷ ነበረች፤ ኋላ ግን ከሰረች። 14 ልጆች ከወለደች በኋላ በ1413፣ በአንድ የሰኔ ዓርብ፣ ከባሏ ጋር ከዮርክ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተደራደሩ። እሷ ቢራ ይዛለች፣ እሱ ቂጣ በጉያው ሸጉጧል። እሷ ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዷ በፊት ዕዳውን ልትከፍልለትና ዓርብ ዓርብ ጾሟን ትታ አብራው ልትበላ ተስማማች፤ እሱም በአልጋ ላይ ያለውን የባልነት መብቱን ተወላት። ሌላው ድንቅ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሚስት ንብረት የላትም በሚባልበት አገር፣ ይህች ሚስት በገዛ ገንዘቧ ባሏን ከዕዳ አውጥታ የራሷን አካል መልሳ ገዛች። ጉዞዋ ሲደርስም ቄሱን ለምና በቤተ ክርስቲያን አስነገረች፤ በባሌም ሆነ በእኔ ላይ ዕዳ አለኝ የሚል ሳልሄድ መጥቶ ያነጋግረኝ፣ እከፍለዋለሁ ብላ።