«መጀመሪያ ሥሮቹን እናግኝ»፦ ስለ ሥሮች የርቢ ድምር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርሁ ጀምሮ ከሁሉ በላይ ያሰለቸኝ አንድ አባባል ቢኖር የዚህ ጽሑፍ ርእስ ነው። የአንድ ፖሊኖሚያል ሥሮች (ዋጋውን ዜሮ የሚያደርጉት ቁጥሮች) እያንዳንዳቸው ወደ 3ኛ ርቢ ከፍ ብለው ቢደመሩ ስንት ይሆናሉ ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር ተማሪው ሥሮቹን ፍለጋ ይሮጣል።

ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ያውም ጎበዙ፣ ቀ³ − 2ቀ² + 3ቀ − 4 = 0 ተሰጥቶት በካልኩሌተር 1.65 ገደማ የሆነ ሥር አገኘና 3ኛ ርቢውን አስልቶ «4.5 ገደማ» ብሎ አስረከበኝ። ሁለቱ ቀሪ ሥሮች ኮምፕሌክስ ቁጥሮች (የኔጋቲቭ ቁጥር ካሬ ሥር ያለባቸው) መሆናቸውን ልብ አላለም። ትክክለኛው መልስ ግን 2 ነው፤ እርሱንም ለማግኘት አንድም ሥር ማወቅ አያስፈልግም።

የሥሮቹ ድምር 2፣ ሁለት ሁለቱ ተባዝተው ሲደመሩ 3፣ የሦስቱ ብዜት ደግሞ 4 መሆኑ ከኮፊሸንቶቹ (ከእኩልታው አባዢ ቁጥሮች) ምልክታቸው እየተፈራረቀ በቀጥታ ይነበባል። የየርቢውን ድምር በ«ድ» ወክለን የኒውተን ቀመር በሚባለው ብናሰላ ድ₁ = 2፣ ድ₂ = 2×2 − 2×3 = −2፣ ድ₃ = 2×(−2) − 3×2 + 3×4 = 2 ይሆናል። ከዚያ በላይ ላሉት እኩልታውን በቀ እያባዙ ለሦስቱም ሥሮች መደመር ይበቃልና ድ₄ = 2×2 − 3×(−2) + 4×2 = 18 ነው።

ይህ አላሳምን ያለው ሰው ቀ⁵ − ቀ − 1 = 0ን ይመልከት። ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 ለጠቅላላው የ5ኛ ዲግሪ እኩልታ በአራቱ መሠረታዊ ስሌቶችና በሩት ምልክት ብቻ የሚጻፍ መፍትሔ እንደሌለ አረጋግጧል፤ የዚህ እኩልታ ሥሮችም በዚያ መንገድ ሊጻፉ ከማይችሉት ወገን ናቸው። የርቢ ድምሮቻቸው ግን ከ1ኛው እስከ 3ኛው ዜሮ፣ 4ኛው 4፣ 5ኛው 5 ሲሆኑ፣ ከ6ኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ከአራትና ከአምስት ደረጃ በፊት ያሉት ድምር ስለሆነ 9ኛው 5 + 4 = 9 ይመጣል። እንግዲህ የትኞቹን ሥሮች «መጀመሪያ» እናግኝ?

የካሬዎች ድምር ኔጋቲቭ ሊሆን አይችልም የሚሉም አሉ፤ ሥሮቹ ሁሉ ሪል ቁጥሮች ከሆኑ ልክ ናቸው፣ ከላይ ያለው −2 ግን ኮምፕሌክስ ሥሮች መኖራቸውን ያስረዳል። የመሪው ኮፊሸንት 1 ካልሆነም ሁሉን ለእርሱ አካፍሎ መጀመር ግዴታ ነው።

ቀመሩ የኒውተን ብቻ ነው መባሉም ልክ አይደለም፤ የኒውተን መጽሐፍ በ1707 ከመታተሙ አስቀድሞ የሒሳብ ሊቁ አልበርት ዢራር እስከ 4ኛ ርቢ ያሉትን በ1629 አሳትሞ ነበር።

ሌላው የሚያበሳጨኝ ስሕተት የቀመሩ የመጨረሻ አባል ማባዣ የሥሮቹ ብዛት ነው የሚለው ነው። በድ₃ ላይ 3 የገባው ርቢው 3 ስለሆነ እንጂ ሥሮቹ ሦስት ስለሆኑ አይደለም፤ በድ₂ ላይ ማባዣው 2 የሆነውም የሥሮቹ ድምር ካሬ ሲበተን እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ነው። ጥርጣሬ የያዘው ተማሪ ከፈተና በፊት ሥሮቹ 1፣ 2 እና 3 በሆኑበት እኩልታ ቀመሩን ይፈትን፦ 1 + 4 + 9 = 14 ሲሆን፣ የሥሮቹ ድምር 6፣ የጥንዶቹ ብዜት ድምር 11 ስለሆነ 6×6 − 2×11ም 14 ነው፤ በ2 ፈንታ 3 ያስገባ ግን 3 ላይ ይቀራል።