«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»፦ ልጅነት የሚያበቃው መቼ ነው?

ወጣት የያዘው ሥራ ሲበላሽ ትልልቆቹ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ። ልምድ የሌለው ሰው የጀመረው ነገር ለቁም ነገር አይደርስም ማለት ነው። ስብሰባ ላይ ደግሞ ጥሩ አፍ ማስያዣ ናት።

መነሻዋ ጓዳ ነው። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ አብሲት ይጣላል፤ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ልጅ ግን ይቸኩላል። ውሃ ያበዛል፣ አብሲቱን ያጓጉላል። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀርና ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል።

ተረቷ ልጅነት የት ላይ እንደሚያበቃ ግን አትነግረንም። ድሮ ቶሎ ነበር የሚያበቃው። ተፈሪ መኮንን ደጃዝማች የተባሉት በ13 ዓመታቸው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ 18 የተባለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ዛሬ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር የ35 ዓመቱንም «ወጣት» ይለዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከላንሴት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ የጻፉ ተመራማሪዎች ጉርምስና እስከ 24 ዓመት ይቆጠር ብለዋል፤ ትምህርቱ ረዘመ፣ ትዳሩም ዘገየ ብለው።

ዕድሜ ስለረዘመ ይሆን? በከፊል። የኢትዮጵያ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ በ1990 እ.ኤ.አ. ከ50 በታች ነበር፤ አሁን 65 አልፏል። እርግጥ ቁጥሩን ከፍ ያደረገው በብዛት የሕፃናት ሞት መቀነሱ ነው። ቢሆንም ወላጅም ሰንብቷል፤ ይሰንብትልን! ችግሩ ገጠር ላይ ይታያል። መሬት አይሸጥም። አባት በ70 ዓመቱም ሞፈሩን ካልለቀቀ፣ የ30 ዓመቱ ልጅ በየትኛው መሬት ጎጆ ይወጣል? አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዲግሪ የያዘው ልጅ የቤት ኪራይ አላስወጣ ብሎት እናቱ ቤት ነው። ይሄኛውን ዕድሜ አላመጣውም፤ ኑሮ ነው።

ጓዳው ራሱ እንዲህ ጨካኝ አልነበረም። እናት ለትንሿ ልጇ ጥቂት ሊጥ ትሰጣታለች፤ ልጅቷም የራሷን እንጎቻ ትጋግራለች። ቢበላሽም የሚበላሸው እንጎቻው ነው። የ33 ዓመት ሰው ላይ ተረቷን የሚጠቅሱ አለቆች፣ ከዚያ በፊት ሊጥ አስነክተውት ያውቁ እንደሆነ ቢጠየቁ ደስ ይለኛል።