ጥቃቅን ማዕድን ምንድን ነው? የእናት አሳማ መኖና የግልገሉ ብረት

ጥቃቅን ማዕድን ሲባል ብዙ ሰው የደቀቀ ዱቄት ይመስለዋል። ጥቃቅን የተባለው የሚፈለገው መጠን ነው። ለምታጠባ አሳማ በ1 ኪሎ መኖ ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት፣ 100 ሚሊ ግራም ገደማ ዚንክ ይበቃታል። ሴሊኒየም ከ1 ሚሊ ግራም በታች። እነ መዳብንና ማንጋኒዝን ልለፋቸው።

ለመጻፍ ያስነሳኝ ሌላ ነው። ሰሞኑን እዚሁ ጅማ አንድ ተናጋሪ «እናቲቱን ብረት በደንብ አብሏት፣ ግልገሎቹ በወተቷ ያገኙታል» ሲል ሰማሁ። ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ወንድሜ፣ ይሄ ምክር ግልገል ይገድላል።

ስንቅ አስቡ። ግልገሉ ሲወለድ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ቋጥሮ ይመጣል። እድገቱ ፈጣን ስለሆነ በቀን ቢያንስ 7 ሚሊ ግራም ይፈጃል። ወተቱ የሚመልስለት 1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስንቁ ከሳምንት ብዙም አያልፍም። የእናቲቱ ጎተራ ቢሞላስ? ጎተራው ሞልቶ በሩ ጠባብ ነው። የእንግዴ ልጁም ጡቷም ብረት የሚያሳልፉት በቁንጥር ነው። መኖዋ ላይ የጨመራችሁት አብዛኛው በዓይነ ምድሯ ይወጣል።

ስንቅ ያለቀበት መንገደኛ መንገድ ላይ የሚቀበለው ያስፈልገዋል። ደጅ እየቆፈረ የሚያድግ ግልገልን የሚቀበለው አፈሩ ነው። የጅማን አፈር ያቀላውም ብረት ነው። ሊሾ ወለል ላይ ግን የሚቀበል የለም። አንዴ የ2 ሳምንት ግልገል አንስቼ ጆሮውን በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ሮዝ ሆኖ ደም ስሩ መታየት ነበረበት። የሻማ ሰም መስሏል። መሬት ሳወርደው ጥቂት እርምጃ ሮጠና ጎኑ እየተርገበገበ ቆመ። እናቱ ደልባለች፤ መኖዋም ማዕድን የተቀላቀለበት ነበር።

ሊሾ ላይ ለሚያድግ ግልገል እዚህ ሳይደርስ፣ በተወለደ በ3 ቀን ውስጥ 200 ሚሊ ግራም የብረት መርፌ አንገቱ ላይ ይወጋል። ግን ጥንቃቄ አለው። እናቲቱ ሴሊኒየምና ቫይታሚን ኢ አንሷት ከከረመ፣ ያው መርፌ ግልገሉን ሊመርዘው ይችላል። የእናት መኖ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ለሴሊኒየም በሩ ሰፊ ነው፤ በእንግዴ ልጁም በወተቱም ያልፋል። አዮዲንም እንደዚያው። አዮዲን ያጠራት እናት ጸጉር የሌለው፣ አንገቱ ያበጠ ግልገል ትወልዳለች፤ ብዙውን ጊዜም ሞቶ ይወለዳል። ስለዚህ «ማዕድን ስጧት» ከማለት በፊት የትኛውን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።

መርፌ አጥታችሁ አፈር በባልዲ የምታስገቡ ከሆነ፣ ሌላ አሳማ ካልዋለበት ቦታ ይሁን። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል።