ልጆች፣ መጠጥና ሱስ በአዲስ አበባ ሰፈሮች

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ልጅ ከመጠጥ ጋር የሚተዋወቀው ተልኮ ነው። «ሂድ፣ ሁለት ቢራ ይዘህ ና» ይባላል። ልጁ ባዶ ጠርሙሱን አንጠልጥሎ ሱቅ ይሄዳል። ባለሱቁ የሰፈር ሰው ነው። «ለአባቴ ነው» ካለው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ግን ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋው በዚሁ አዋጅ ነው። ክልከላው በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው፤ ሱቁ በር ላይ ግን ይላላል። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው በ18 ዓመት ነው። ሆኖም «እስቲ መታወቂያህን» የሚል ባለግሮሰሪ ብርቅ ነው። በእኔ እምነት ሥራው መጀመር ያለበት ልጁን ከሚልከው ወላጅ ነው።

ጫት ደግሞ ሕጋዊ ሸቀጥ ነው። ችግሩ ትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚከፈተው ማስቃሚያ ቤት ነው። ከፎርፌ፣ ማለትም ከትምህርት ከመቅረት፣ የሚጀምር በርጫ (የጫት ቅሚያ) ወደ ሺሻ ይሻገራል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ፣ ይመጣል። ስለዚህ መጠጡንና ጫቱን ለያይቶ መቆጣጠር ከባድ ነው። ፖሊስና የወረዳ ደንብ አስከባሪዎች በየጊዜው አሰሳ ያደርጋሉ፤ ቤቶቹን ያሽጋሉ፤ የሺሻ ዕቃ ሰብስበው ያቃጥላሉ። ያ ቤት ሲታሸግ ሌላው ጓሮ ውስጥ ይከፈታል።

ልጅ ራሱ ሲያዝስ? ሐሺሽ ይዞ የተገኘ አዋቂ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም። ዳኛው ሊገሥጸው፣ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ እንዲወሰን ሊያዝ፣ ታማኝ ሰው እየተቆጣጠረ እንዲያሳድገው ሊያደርግ ይችላል። በመጠጥ ወይም በዕፅ ሱስ የተያዘውን ለሕክምና ተቋም መላክም በሕጉ ውስጥ አለ። ይህ በጣም ደስ ይለኛል፤ ልጁን እንደ ታማሚ ያየዋልና። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ ያዛል። ከ15 ዓመት በኋላ ግን መደበኛው ሕግ ይመጣል፤ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

ብዙ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሰፈር ውስጥ ያልቃል። ፖሊስ ወላጅ ያስጠራል፤ ሽማግሌ ይገባል። በከተማዋ ማኅበረሰብ አቀፍ የማረም ሥራም ተሞክሯል። ልጁ ቤቱ እያደረ፣ ትምህርቱን ሳያቋርጥ፣ የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ይከታተሉታል። ይህ ቀስ ያለ ሥራ ነው። ለዜና የሚሆን የሚቃጠል ዕቃም የለውም።

ሱሱ የጠናበት ልጅ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ይሄዳል። ብዙ ቤተሰብ ግን አስቀድሞ የሚወስደው ጠበል ነው። ሁለቱንም የሚያስኬድ አለ።